ኮርቻ ተሸካሚው ዘንግ፦ በብስክሌት ፍሬም ውስጥ የሚነክስ ብረት ታሪክ

የኮርቻ ዘንግ የሚባለው ከላይ የብስክሌቱን ኮርቻ ተሸክሞ፣ ከታች ወደ ፍሬሙ የመቀመጫ ቱቦ የሚገባና እንደ አሽከርካሪው ቁመት ከፍና ዝቅ ተደርጎ በማጥበቂያ ቀለበት የሚያዝ ቱቦ ነው። ይህ ዘንግ ለዓመታት ሳይነካ ሲቆይ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ አልወጣም ይላል፤ ባለሙያዎች እንደሚሉት ይነክሳል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ቸልተኝነት ብቻ ያመጣው ተደርጎ ቢታይም፣ ሥረ መሠረቱ ግን የዛሬው ብስክሌት ከመሠራቱ ከመቶ ዓመት በፊት በመርከብ ሠሪዎች ዘንድ የታወቀ የብረታ ብረት ጠባይ ነው።

ዘንጉ ከመጀመሪያው አንስቶ የብስክሌት ዋና አካል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በእንግሊዝ አገር በተስፋፋው፣ የፊት ጎማው እጅግ ትልቅ በሆነው ብስክሌት ላይ ፔዳሉ በቀጥታ ከፊት ጎማው ጋር የተያያዘ ስለነበረ፣ ገዢው የጎማውን መጠን የሚመርጠው በእግሩ ርዝመት ልክ ነበር። ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1885 በኮቨንትሪ ከተማ ሮቨር የተባለውን፣ ሁለቱ ጎማዎቹ በመጠን የተቀራረቡና የኋላው ጎማ በሰንሰለት የሚነዳ ብስክሌት ሲያቀርብ ግን የጎማ መጠንና የእግር ርዝመት ግንኙነታቸው ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ ልክን የማስተካከሉ ሥራ በቱቦ ውስጥ ለሚንሸራተተው ዘንግ በመተላለፉ፣ ፋብሪካዎች ጥቂት የፍሬም መጠኖችን ብቻ እያመረቱ ቁመታቸው የተለያየ ብዙ ሰዎችን ማስተናገድ ቻሉ።

በዚህ መንገድ ዘንጉ ሁለት የሚጋጩ ግዴታዎች ተጣሉበት፤ ሲፈታ በቀላሉ መንሸራተት፣ ሲጠብቅ ደግሞ የሰውን ክብደት ተሸክሞ ዝንፍ አለማለት ይጠበቅበታል። ሁለቱን ለማስታረቅ በዘንጉና በቱቦው መካከል የሚተወው ክፍተት እጅግ ጠባብ መሆን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1935 በእንግሊዝ የወጣውን ሬይኖልድስ 531 የተባለ ቅይጥ ብረት ለምሳሌ ብንወስድ፣ የመቀመጫ ቱቦው የውጭ ስፋት 28.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ፣ በስስ ግድግዳው ውስጥ የሚገባው ዘንግ 27.2 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ግድግዳቸው ወፈር ላሉ ቱቦዎች ደግሞ 27.0፣ 26.8፣ 26.6 እያለ በ0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት የሚወርድ የዘንግ ዓይነት ተዘጋጀ። እንዲህ ባለ ጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚፈጠር ጥቂት ዝገት እንኳ መፈናፈኛ ስለማያገኝ ዘንጉን ጠርቅሞ ይይዘዋል።

ዘንጉም ፍሬሙም ከብረት በሚሠሩበት ዘመን ጠላቱ ተራ ዝገት ብቻ ነበር። ሮቨር በወጣ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1886፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ ኃይል በርካሽ የማውጫ ዘዴ አገኙ። ይህ ቀላል ብረት ቀስ በቀስ ወደ ብስክሌት ክፍሎች ገብቶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ከአሉሚኒየም የተሠራ ዘንግ በብረት ፍሬም ውስጥ መግባቱ በውድድር ብስክሌቶች ላይ የተለመደ ሆነ። ክብደት ቀነሰ፤ በዚያው ልክ ግን ሁለት የተለያዩ ብረቶች በአንድ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተገናኙ።

የዚህ ግንኙነት ውጤት ምን እንደሆነ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ቀድሞ አይቶት ነበር። አላርም የተባለችው የጦር መርከብ እ.ኤ.አ. በ1761 የታችኛው አካሏ በመዳብ ዝርግ ከተሸፈነ በኋላ በተደረገ ምርመራ፣ መዳቡን የነኩት የብረት ሚስማሮች ክፉኛ ተበልተው ሲገኙ፣ የመዳቡ መጠቅለያ የነበረው ወረቀት በመካከል የቀረባቸው ሚስማሮች ግን በደህና ተገኙ። ምክንያቱ የሚከተለው ነው፦ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተነካክተው ጨዋማ እርጥበት ሲያገናኛቸው እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ ኤሌክትሮኖቹን በቀላሉ የሚለቀው ብረት ሌላውን እያዳነ ራሱ ይበላል። ሳይንስ ይህን ሂደት ጋልቫናዊ ዝገት ይለዋል። ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 ይህንኑ ጠባይ ገልብጦ ለጥቅም በማዋል፣ ዚንክ ወይም ብረት እንዲበላ አድርጎ የመርከቦችን መዳብ ለማዳን ሞክሯል። በብስክሌቱ ላይ ጨዋማው እርጥበት የአሽከርካሪው ላብና ከመንገድ የሚረጨው ውኃ ሲሆን፣ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ ከሱ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ክፍተቱን ሞልቶ ዘንጉን ይጠረቅመዋል።

ባለሙያዎች ለማስለቀቅ ያዳበሯቸው ዘዴዎችም በዚሁ እውቀት የሚመዘኑ ናቸው። የመጀመሪያው ሰርጎ የሚገባ ዘይት በቱቦው አፍ አፍስሶ ለቀናት መታገሥ ነው። አሉሚኒየም ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር፣ በብረት ፍሬም ውስጥ የነከሰን የአሉሚኒየም ዘንግ የሚያላቅቀው ሙቀት ሳይሆን ቅዝቃዜ ነው። ይህ ካልበቃ የዘንጉ ጫፍ በሞርሳ ተይዞ ፍሬሙ ራሱ እንደ ረጅም እጀታ እንዲዞር ይደረጋል፤ በዚህ ጊዜ ስስ ቱቦ እንዳይጠመዘዝ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመጨረሻዎቹ አማራጮች ዘንጉን ከውስጥ በብረት መጋዝ በቁመቱ መሰንጠቅ ወይም በኮስቲክ ሶዳ ማሟሟት ናቸው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን በልቶ ብረቱን ቢተውም፣ ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል፣ ተቀጣጣይ የሆነውን ሃይድሮጂን የሚያመነጭ፣ የአሉሚኒየም ፍሬምን ደግሞ ከዘንጉ ጋር አብሮ የሚያጠፋ ስለሆነ፣ ከባለሙያ እጅ መውጣት የለበትም።

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የካርቦን ፋይበር ፍሬም ችግሩን አባባሰው እንጂ አላስቀረውም። ካርቦን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍና ከብረት ይበልጥ ከአሉሚኒየም የራቀ ጠባይ ያለው በመሆኑ፣ በውስጡ የገባ የአሉሚኒየም ዘንግ በእርጥበት ጊዜ ፈጥኖ ይበላል፤ ፋይበሩን የሚያያይዘው ሙጫ ደግሞ ብርቱ ሙቀትንም የሞርሳ ትግልንም አይችልም።

ከአላርም ሚስማሮች የተገኘው ትምህርት ዛሬም አልተሻረም፤ ሁለቱን ብረቶች የሚለያይ ስስ ነገር በመካከል እስካለ ድረስ ዘንጉ አይነክስም። ስለዚህ የብስክሌት ባለቤት ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የኮርቻውን ከፍታ ምልክት አድርጎ ዘንጉን ያውጣ፣ ቱቦውን ይጥረግ፣ ለብረትና ለአሉሚኒየም ፍሬም ግራሶ፣ ለካርቦን ደግሞ ለሱ የተዘጋጀውን ቅባት ቀብቶ ይመልሰው፤ የጥቂት ደቂቃ ሥራ አንድን ፍሬም ከመጋዝ ያድናል።