ምርጥ ዘፈን የማን ነው? የዘፋኙ ወይስ የባንዱ?

በዙሪክም ሆነ በጄኔቭ የሙዚቃ መደብር ብትገቡ የአንድ ባንድ ምርጥ ሥራዎች የተለቀሙበት አልበም ማግኘት አያስቸግርም። ቢትልሶች በተበተኑ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1973 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)፣ ሥራዎቻቸው በቀይና በሰማያዊ ሽፋን ተሰብስበው ወጡ። የአሜሪካው ኢግልስ ባንድ የ1976 ስብስብም በዚያ አገር እጅግ ከተሸጡት አልበሞች አንዱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ሽፋን ላይ በጉልህ የተጻፈው የባንዱ ስም ነው።

እስቲ አሁን የራሳችሁን መደርደሪያ ተመልከቱ። «የጥላሁን ምርጥ»፣ «የማህሙድ ምርጥ» የሚሉትን ታገኛላችሁ። «የሮሃ ባንድ ምርጥ» የሚል ግን ይኖራችኋል? የሚኖራችሁ ጥቂቶች ናችሁ። ይሁን እንጂ በደርግ ዘመን ከአዲስ አበባ በክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ በኩል በሻንጣ ከገቡት ካሴቶች ብዙዎቹን ያጀበው ይኸው ባንድ ነበር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን ትላልቆቹ ኦርኬስትራዎች የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ነበሩ። በኋላ ግን ሆቴሎች የራሳቸውን ባንድ ያሠሩ ጀመር። ዋልያስ ባንድ በሂልተን፣ አይቤክስ ባንድ በራስ ሆቴል ይጫወቱ ነበር። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ስማቸውን የወሰዱት ከዚያው ከሰሜን ተራሮቻችን ዋልያ ነው። ማህሙድ አህመድ በ1975 «እረ መላ መላ»ን ሲቀዳ ያጀበው አይቤክስ ነው። ይኸው ባንድ ኋላ ሮሃ ተባለ። ጆቫኒ ሪኮ በቤዝ፣ ሰላም ስዩም በሊድ ጊታር፣ ዳዊት ይፍሩ በኪቦርድ፣ ፈቃዱ አምደመስቀል በሳክስፎን የዘመኑን ድምፅ ቀረጹት። ዘፋኙ ይለዋወጣል፤ ባንዱ ግን ያው ነው።

ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሻገር ከአባላቱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ለዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ከኋላው የተቀመጠው መንገደኛ ማን እየነዳው እንደሆነ አያውቅም ነበር። የ1985 ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ግን በዓለም መድረኮች ላይ ተመልሶ ታየ።

እንግዲህ ሥራውን ከመረሳት ያዳነው ስብስብ ነው። «እረ መላ መላ» በ1986 በቤልጂግ ታተመ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ደግሞ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የተባሉትን ተከታታይ ስብስቦች በፓሪስ አወጣ። ዘፈኖቻችንን ፈረንጁም ሰማቸው። በጄኔቭ በ2007 የተቋቋመው ኢምፔሪያል ታይገር ኦርኬስትራ የአገራችንን የዚያን ዘመን ዜማዎች የተጫወተ የስዊስ ባንድ ነው። ልጆቻችን ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ከተማ የስዊስ ወጣቶች አንቺሆዬንና ትዝታን ሲያጠኑ ማየት ያኮራል፤ ያሳስባልም።

የሚያሳስበው ፈረንጅ ስለሰበሰበው አይደለም፤ ለዚያስ ምስጋና ይገባዋል። የሚያሳስበው እኛ የያዝነው እየጠፋ መሆኑ ነው። የካሴት ክር በእርጥብ ምድር ቤት ይበላሻል። ሽፋኑ ሲቀደድ የተጫዋቾቹ ስም አብሮ ይጠፋል፤ ብዙው ካሴት ደግሞ መልሶ የሚያሳትመው የለውም።

ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ ከምድር ቤት ያስቀመጣችሁትን ካርቶን አውጡ። ካሴቶቹን ወደ ኮምፒዩተር አስገልብጡ። ያጀበው ማን ነው? በስንት ዓመተ ምሕረት ወጣ? ጊታሩን የመታው ማን ነው? ሽፋኑ ላይ ያለውን ገልብጡ፤ የሌለውን የሚያስታውሱ ታላላቆቻችንን ጠይቁ። ለልጆቻችሁም ዘፈኑን ስታሰሙ ከዘፋኙ ስም ቀጥሎ የባንዱን ስም ንገሯቸው። ባንዶቻችን ያልታተመላቸው የምርጥ ሥራዎች ስብስብ በየቤታችን ተበትኖ ይገኛልና።