ረጅም ዕድሜ፣ አጭር መዝገብ፦ የሊሙዋ አስቴር ጋኖ

በአውሮፓ የድንጋይ ከሰል መንደር ተወልዳ ዘጠና ዓመት የኖረችን አንዲት የካቶሊክ ሴት ታሪክ መጻፍ የሚሻ ተመራማሪ ሥራውን የሚጀምረው ከደብሩ መዝገብ ነው። የትሬንቶ ጉባኤ በ1563 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ በየደብሩ እንዲያዝ ካዘዘ ወዲህ፣ ባሏ ጉድጓድ ተደርምሶበት የሞተባት ምስኪንም ብትሆን ስሟ በቄሱ እጅ ተጽፎ ይገኛል። ጊቤን ተሻግሮ ወደ ሊሙ፣ ጌራና ጅማ የሚዘልቅ ታሪክ ጸሐፊ ግን ለ19ኛው መቶ ዘመን እንዲህ ያለ መዝገብ አይጠብቀውም።

የካቶሊክ ሚስዮን አገሩን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። አንቷን ዳባዲ የተባለው ፈረንሳዊ ተጓዥ በ1843 የሊሙ ኢናርያ መናገሻ እስከነበረችው ሰቃ ደርሷል። እሱ ለሮም ያቀረበው አሳብ ተቀባይነት አግኝቶ በ1846 ለኦሮሞ ምድር ሐዋርያዊ ቪካርያት ተቋቋመ፤ ኃላፊነቱም በአገሩ ሰው አቡነ መስያስ ለተባለው ለጉልየልሞ ማሳያ ተሰጠ። ማሳያ በ1852 ጉድሩ ገባ፣ በ1859 ከፋ ደረሰ፣ በ1861 ከዚያ ተባረረ። የሥራ ጓደኛው ሌዎን ዴዛቫንሼ በጌራ ኖሮ እዚያው በ1879 ሞተ። ማሳያ ትዝታውን በ12 ቅጽ ትቶልናል። መጽሐፉ ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ቀሳውስቱና ስለ ሙግቱ ሲተርክ አይደክመውም፤ አንዲትን ተራ ሴት ከልጅነት እስከ እርጅና ተከትሎ የሚያሳይ ምዕራፍ ግን አይገኝበትም። ጣሊያናዊው ተጓዥ አንቶኒዮ ቼኪ የጌራዋን ንግሥት የገለጻትም ይዛ ስላሰረችው ነው። በዚያ ዘመን የጊቤ ሴት በአውሮፓውያን ወረቀት ላይ ለመስፈር ወይ ማሰር ወይ መታሰር ነበረባት ብል ብዙም አላጋነንኩም።

አስቴር ጋኖ በሁለተኛው በር የገባች ናት። ካቶሊክ አልነበረችም፤ ያስተማራት የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ነው። ቢሆንም ከቡናው አገር የወጣች፣ በእምነት ተቋም ያደገች፣ ዕድሜዋ የረዘመና ሥራዋ በጽሑፍ የተረፈ ሴት ለሚፈልግ ከእሷ የቀረበ ሰው አላውቅም። በ1872 ገደማ ተወለደች፤ በ1964 ሞተች።

የትውልድ አገሯ ሊሙ ዛሬ ስሙ የሚነሣው በቡናው ነው። ያኔ ግን የሰቃ ገበያ የሚደምቀው በዝሆን ጥርስ፣ በዝባድ፣ በወርቅና በባሪያ ነበር፤ ቡናው ከነዚህ ኋላ የሚሰለፍ ሸቀጥ ነው። ከ1825 እስከ 1861 የገዛው አባ ባጊቦ መንግሥቱን ያደረጀው ይህን ንግድ በእጁ አስገብቶ ነበር። ሲራራ ነጋዴው ከሰቃ ተነሥቶ ጉድሩን ያቋርጣል፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል፣ ከዚያም በጎንደር በኩል ምጽዋ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ጀርባው ላይ ጭነት ያለበት በቅሎ ነው፤ ባሪያው ራሱ ጭነት ሆኖ በእግሩ ይሄዳል። አስቴር ስትወለድ ነፃ ነበረች። ባሪያ ያደረጋት የሊሙ ንጉሥ እንጂ ከሩቅ የመጣ ፈንጋይ አይደለም። ይህን ነጥብ ማድበስበስ አይገባም፤ የጊቤ ነገሥታት የባሪያ ንግድ ግብር ተቀባዮች ብቻ ሳይሆኑ አቅራቢዎችም እንደነበሩ የእሷ ሕይወት ይመሰክራልና።

ጣሊያን ምጽዋን በያዘች በዓመቱ፣ በ1886፣ አስቴርን ወደ ዓረብ አገር ለሽያጭ ያሻግር የነበረው ጀልባ በጣሊያን መርከቦች ተያዘ። ነፃ የወጣችው ልጅ ምጽዋ አጠገብ ባለው እምኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ የኦሮምኛን መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የያዘው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነበር። ኦኔሲሞስም ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ በ1856 ገደማ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ተሰርቆ ከእጅ ወደ እጅ የተሸጠና በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ስዊድን ሄዶ ተምሯል። የጎደለው የአፍ መፍቻው ሙላት ነበር፤ በልጅነቱ የተለየውን ቋንቋ ከዓመታት በኋላ ለሮሜ መልእክት ማብቃት ቀላል አይደለም። የአሥራ አራት ዓመት ግድም ልጅ ሆና ከሊሙ የመጣችው አስቴር ግን ቋንቋውን ከነለዛው ይዛ ነበር።

የሥራ ድርሻዋን በተመለከተ ዋናው ምስክር ጉስታቭ አሬን በ1978 ያሳተመው የወንጌላውያን ታሪክ ነው። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታሰናዳ ተመደበች፤ ያ መዝገብ በ1893 የታተመውን አዲስ ኪዳን ለማረም አገለገለ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ተረጎመች። ወደ 500 የሚጠጉ እንቆቅልሾች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አሰፈረች፤ ብዙዎቹም በ1894 በግዕዝ ፊደል በወጣው «ጀልቀበ በርሲሳ» የጀማሪዎች ማንበቢያ ገቡ። በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በቅዱስ ክሪሾና ለታተመው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስም አብዛኛውን መሠረታዊ ዝግጅት የሠሩት አስቴርና ሊዲያ ዲምቦ የተባለች የሥራ ባልደረባዋ እንደሆኑ አሬን ይናገራል። የርዕሱ ገጽ ግን የሚያውቀው ኦኔሲሞስን ነው።

ማንበቢያው ላይ ትንሽ ልቆይ። የኦሮሞ እንቆቅልሽ የሁለት ሰው ጨዋታ ነው፤ ጠያቂው «ሂቦ» ይላል፣ ተጠያቂው «ሂብ» ብሎ ይቀበላል፣ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል። ዘፈንም ቢሆን ተቀባይ ይፈልጋል። ስለዚህ ያንን ሁሉ አስቴር ብቻዋን ተቀምጣ ከትዝታዋ ቀዳችው ማለት ይከብደኛል። በእምኩሉ ከየአውራጃው የተሰበሰቡ፣ እንደ እሷ ከባርነት የወጡ ኦሮሞዎች ነበሩ፤ ያንዷ ተረት የሌላዋን ሳይጠራ አልቀረም። ይህ ግምቴ ትክክል ከሆነ መጽሐፉ የአንድ አካባቢ ቋንቋ ናሙና ሳይሆን በባሪያ ንግድ የተበተኑ ሰዎች በአንድ ግቢ ውስጥ ያዋጡት ነው፤ የመጀመሪያዎቹን የኦሮምኛ ጽሑፎች እንደ ወለጋ ዘዬ ብቻ የሚያነቡ ሰዎችም አካሄዳቸውን ሊመረምሩ ይገባል።

በ1904 አስቴር ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ጋር ከኤርትራ ወደ ወለጋ ተመለሰች፤ ነቀምቴ ላይ አስተማሪ ሆነች። ወደ ሊሙ አልነበረም መመለሷ። ሊሙ በዚያ ጊዜ ንጉሥ የለውም፤ ከ13 ዓመት በፊት ለምኒልክ መንግሥት ገብሯል። ሚስዮኑም ሥር የሰደደው በወለጋ እንጂ በእስላሞቹ የጊቤ አገሮች አልነበረም። ካቶሊኮች ለከፋ አዲስ ሐዋርያዊ ግዛት አቋቁመው የኮንሶላታ ማኅበርን የላኩት በ1913 ነው፤ እሷ ያኔ ነቀምቴ ከገባች ዘጠኝ ዓመት አልፏታል።

ከዚህ በኋላ መዝገቡ ይሳሳል። ኦኔሲሞስ በ1931 ሲሞት እሷ ወደ ስድሳ ትጠጋ ነበር፤ የጣሊያንን ወረራ አሳልፋ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1959 ስትቋቋም በሕይወት ነበረች። ከዘጠና ዓመት ዕድሜዋ በወጉ የተጻፈላት ከ1886 እስከ 1904 ያለው አሥራ ስምንት ዓመት፣ ማተሚያ ቤት አጠገብ የነበረችበት ጊዜ ነው። ማስተማር መጽሐፍ እንደማሳተም የርዕስ ገጽ የለውም። ቀሪውን የሚፈልግ ተመራማሪ ሁለት ሥራ ይጠብቀዋል፤ አንደኛው የሚስዮኑን ደብዳቤዎችና የነቀምቴን ምእመናን መዛግብት ለኦኔሲሞስ ሳይሆን ለእሷ ሲል ደግሞ ማንበብ ነው፤ ሁለተኛው የ1894ቱን ማንበቢያ ይዞ ሊሙ ገነትና ሰቃ መውረድ፣ ከቃላቱና ከእንቆቅልሾቹ የትኞቹ ዛሬም በሊሙ አፍ እንዳሉ ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጋር ተቀምጦ ማጣራት ነው።