ከሞት መንገድ የመጣ ካናቴራ

ቁም ሣጥኔ ውስጥ አንድም ቀን ያልለበስኩት ካናቴራ አለ። ደረቱ ላይ በፈረንጅ አፍ «ከሞት መንገድ ተርፌአለሁ» ተብሎ ተጽፎበታል። የተሰጠኝ ቦሊቪያ ውስጥ በብስክሌት ተራራ ወርጄ ነው። ለምን እንደማልለብሰው ላጫውታችሁ።

ነገሩ የእህቴ ልጅ ጣጣ ነው። ዋሽንግተን የሚኖር፣ የዕረፍት ቀኑን በብስክሌት ተራራ ለተራራ ሲዞር የሚውል ጎረምሳ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ አብረን እንሂድ» እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከርሞ ላፓዝ ድረስ ጎተተኝ። ከፍታው እንደሚያስቸግር ሲያስጠነቅቀኝ «ለአዲስ አበባ ሰው ስለ ከፍታ ይነገራል እንዴ?» ብዬ አፌዝኩበት። ላፓዝ ግን 3,600 ሜትር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አዲስ አበባን ከ1,200 ሜትር በላይ ትበልጣታለች። የማረፊያችንን ደረጃ ስወጣ ሦስት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። ኩራቴ ከሁለተኛው ፎቅ አላለፈም። ሦስት ቀን የኮካ ቅጠል ሻይ እየጠጣን አየሩን ከለመድን በኋላ ነው ወደ ተራራው የወጣነው።

ቁልቁለቱ የሚጀምረው ላ ኩምብሬ ከሚባለው በር ላይ ነው። ከፍታው ከ4,600 ሜትር በላይ ስለሆነ ከራስ ደጀን አናትም ይበልጣል። ከዚያ ተነስቶ ዮሎሳ የምትባል መንደር ሲደርስ ወደ 1,200 ሜትር ግድም ይወርዳል። ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአንድ ቀን ይታለፋሉ ማለት ነው። ጠዋት ጓንት አድርገን ተንቀጠቀጥን፤ ከሰዓት በኋላ ሙዝ ሥር ተቀምጠን ላባችንን ጠረግን።

ከመነሳታችን በፊት መሪዎቻችን አረቄ አመጡ። ጥቂት ለመሬት፣ ጥቂት ለብስክሌቱ ጎማ ጠብ አደረጉና የቀረውን ቀመስነው። ፓቻማማ ለሚሏት ለእናት ምድር መሆኑ ነው። አድባር ለምናውቅ ሰዎች ማብራሪያ አላስፈለገንም።

መጀመሪያ አስፋልት ነው፤ ቀጥሎ ኮረት ይመጣል። ስፋቱ ብዙ ቦታ ላይ ከሦስት ሜትር ብዙም አይበልጥም። በስተግራ ገደል፣ ታች ደግሞ ጉም ብቻ ነው። የቦሊቪያ መኪና በቀኝ ነው የሚሄደው፤ እዚህ መንገድ ላይ ግን ሕጉ ይገለበጣል። ወራጁ ግራውን፣ ማለትም የገደሉን ጠርዝ ይይዛል። የመኪናው መሪ በግራ በኩል ስለሆነ ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የውጪ ጎማው የት እንደረገጠ እንዲያይ ነው። ብስክሌተኛም በዚያው በጠርዙ ይወርዳል። ፍሬን ጨምድደህ አትያዝ፣ ያዝ ለቀቅ አድርግ፤ ዓይንህ መንገዱ ላይ ይሁን፣ ገደሉን ካየኸው ወደ ገደሉ ትሄዳለህ ተባልኩ። እኔ ደግሞ ከገደሉ ላይ ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም። ኮረቱ ላይ ትንሽ እንደሄድኩ ጣቶቼ ደነዘዙና በኩራት ሳይሆን በጸጋ ተከትሎን ከሚመጣው ሚኒባስ ገባሁ።

ደግ አደረግኩ። ሾፌሩ በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር፤ ይህን መንገድ የተካነው ገና ብስክሌተኛ ሳያውቀው ነው። አንዳንድ መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ያማትባል። ቀና ብዬ ሳይ በየጠርዙ መስቀል ተተክሏል። ከብስክሌቱ ላይ ሆኜ አንዱንም አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የመንገዱን ታሪክ ያነበብኩት። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከ1932 እስከ 1935 ቦሊቪያና ፓራጓይ ቻኮ በሚባል ውሃ በሌለው በረሃ ተዋጉ። መቶ ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ከጥይቱ ይልቅ ጥማትና በሽታ የገደለው ብዙ ነው። ይህን ተራራ የፈለፈሉት በዚያ ጦርነት የተማረኩ ፓራጓያውያን ናቸው። የቆላ ልጆች አየር በሳሳበት ከፍታ ላይ ድንጋይ እንዲፈልጡ ተደረጉ። እኔን ደረጃ መውጣት ያቃተኝ በዚያው አገር ነው!

የመንግሥታቱ ማኅበር ያንን ጦርነት ማስቆም አቅቶት ነበር። ተኩሱ በሰኔ 1935 ቆመ፤ በጥቅምት ፋሺስት ኢጣልያ መረብን ተሻገረች። ማኅበሩ ለእኛም ምን እንደሆነልን እናውቃለን።

መንገዱ ከተሠራ በኋላም መግደሉን አልተወም። ሐምሌ 1983 አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ ከመቶ ሰው በላይ አለቀ። በየዓመቱ ከ200 እስከ 300 ሰው ይሞትበት እንደነበር ይገመታል። በ1995 የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ «የዓለም አደገኛው መንገድ» አለው። ለኗሪው ይህ መርዶ ነበር፤ ለጎብኚው ግን ማስታወቂያ ሆነ። በ2006 አዲሱ መንገድ ሲከፈት መኪናው ወደዚያ ዞረና አሮጌው በአብዛኛው ለብስክሌት ቀረ።

ማታ ይህንኑ ለእህቴ ልጅ ብነግረው «ጋሼ፣ እኛ ባንመጣስ ማን ያስታውሳቸው ነበር? ሾፌሩስ ምን ይበላ ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው። አገሬው ከአንድ አስከፊ ነገር እንጀራ ማውጣቱን የምነቅፍ እኔ ማን ነኝ?

ለነገሩ እኛስ? ሊማሊሞን ስንወርድ «ጣሊያን የሠራው» ብለን እናልፋለን። ያዘዘውን እናውቃለን፤ ዶማውን የጨበጠውን ግን ማን ጠይቆ ያውቃል? መንገድ በአዛዡ ይጠራል፣ ወይም እንደ ቦሊቪያው በሞቱበት ሰዎች ብዛት። በቆፈረው ሰው ስም የተጠራ መንገድ እኔ አላጋጠመኝም።

ካናቴራውን ያለበስኩት ለዚህ ነው። «ተርፌአለሁ» ይላል። ግማሹን በሚኒባስ የወረድኩ ሰው ከምን ተረፍኩ? ያን ቃል ደረቱ ላይ መጻፍ የሚገባው ሰው ቢኖር ድንጋዩን ፈልጦ፣ ሳንባው ሳይፈነዳ አገሩ የገባ ምርኮኛ ነበር። ለእሱ ካናቴራ የሰጠው የለም።

የእህቴ ልጅ ግን የራሱን ይለብሰዋል፤ ባለፈው ፎቶ ላኮልኛል። አምሮበታል። ከፎቶው ሥር ግን «በፓራጓይ ምርኮኞች የተሠራው መንገድ» ብሎ ጽፎበታል። ለአንድ አጎት ይህም አይናቅም።