ጉም መዝገን፦ ደመናን የሚሠሩ ቃላት

«ዘገነ» በእጅ ሞልቶ የሚነሣ ነገር የሚፈልግ ግስ ነው፤ እህል ይዘገናል፣ ቆሎ ይዘገናል፣ ዱቄት ይዘገናል። «ጉም መዝገን» የከንቱ ድካም ስም የሆነውም ጉም እጅ የሚያርፍበት ገጽ ስለሌለው ነው። በኮምፒውተር መልክዓ ምድር የሚሠሩ ሠዓልያንን የሚፈትናቸው ይኸው ነው። ተራራ ገጽ አለው፤ ቅርጹን አበጅተው አፈርና ሣር ያለብሱታል። ደመና ግን ቆዳ የሌለው ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ቴራጅንና ብሌንደር ያሉ ፕሮግራሞች የብርሃን ጨረርን በደመናው ውስጥ በትንሽ በትንሹ እያራመዱ፣ በየእርምጃው የጠብታውን ጥግግት እየለኩ ይደምራሉ። አባቶቻችን አይሆንም ያሉትን በሂሳብ እፍኝ በእፍኝ ይዘግናሉ። ለዚህ ሥራ ደግሞ አማርኛ ስለ ሰማይ ያኖራቸው ቃላት የበቃ መምህር ናቸው።

«ጉም» የግእዙ «ጊሜ» ዘመድ ነው፤ ትግርኛ «ግመ» ይለዋል። «ደመና» ከግእዝ እንዳለ የተወረሰ ሲሆን፣ ትግርኛ ላይ «ደበና» ሆኗል። «መ» ለ«በ» ቦታ መልቀቋ እንግዳ አይደለም፤ ሁለቱም በከንፈር የሚፈጠሩ ድምፆች ናቸው፤ የግእዙ «ዝናም» አማርኛ ላይ «ዝናብ» የተባለውም በዚሁ መንገድ ነው። በክረምት ጠዋት ከአዲስ አበባው ሲግናል ሰፈር ሆኖ ወደ ሰሜን የሚያይ ሰው ከእንጦጦ አናት በላይ የተንጠለጠለውን «ደመና» ይለዋል፤ ዝቅ ብሎ ዛፉን ሲሸፍን «ተራራው ጉም ለበሰ» ይላል። በዚያች ሰዓት እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ለቆመ ሰው ደግሞ፣ ከታች ደመና የተባለው ጉም ነው። ነገሩ አንድ ነው፤ ስሙን የሚለየው የተመልካቹ መቆሚያ ነው። በፕሮግራሙም ውስጥ የሁለቱ ሥሪት አይለያይም፤ የሚለያየው ከፍታቸውና የካሜራው ቦታ ነው።

የለንደኑ መድኃኒት ሠሪ ሉክ ሃዋርድ በ1802 እ.ኤ.አ. ደመናን በላቲን ሲሰይም ቅርጽን ተከተለ፦ ኩሙለስ ክምር፣ ስትራተስ ንጣፍ፣ ሲረስ የጠጉር ጥቅል። የፕሮግራሞቹ ማውጫ ዛሬም በእነዚህ ስሞች ይሠራል። የእኛ ቃል ግን ብርሃንን ይከተላል። የግእዙ «ደመነ» የመጋረድና የማጨለም ግስ ነው፤ «ሰማዩ ዳመነ» ስንልም የምንናገረው ብርሃኑ መቀነሱን ነው። ጀማሪ ሠዓሊ ሙሉ ቀን የደመናን ጠርዝ ሲያበጅ ይውላል፤ ሥሩን ማጥቆርና በምድር ላይ የሚጥለውን ጥላ ግን ይረሳል። አንድ ጥላ የየካን ዳገት ከግርጌ እስከ አናት ሲሸፍን ዓይን የደመናውን ግዝፈት ወዲያው ያምናል።

ደመና መጠኑን ራሱ አይናገርምና ይህ ጥላ ያስፈልገዋል። የሂሳብ ሊቁ ቤንዋ ማንደልብሮት በ1975 እ.ኤ.አ. «ፍራክታል» የሚለውን ቃል «የተሰበረ» ከሚለው የላቲን «ፍራክቱስ» ያወጣው ቁራጫቸው ሙሉውን ለሚመስል ቅርጾች ነው። ደመናም እንዲሁ ነው፤ ትንሹ ጉብታ ትልቁን ይመስላል። የኮምፒውተር ሊቁ ኬን ፐርሊን በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሂሳብ ዘዴም ትልቅና ትንሽ ሞገዶችን ደራርቦ ይህን መልክ ይሰጣል። መጠኑ ግን ከሌላ መምጣት አለበት። ቀደም ሲል ያነሣነው የሰፈር ስም «ሲግናል» ምንጩ የላቲኑ «ሲግኑም» ነው፤ ምልክት ማለት ነው። መልክዓ ምድርም ዓይን ልኩን የሚያውቀው ምልክት ይሻል፦ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ መንገድ፣ ከባሕር ማዶ መምጣቱን በስሙ የያዘው ባሕር ዛፍ።

ሁለተኛው የመጠን ምንጭ አየሩ ነው። «ጭጋግ» ከ«ጨገገ» ጋር አንድ ነው፤ ፊትም ይጨግጋል። ጉም ይሸፍናል፤ ጭጋግ ያደበዝዛል፤ የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት ያሳንሳል። «ሰማይ» ዐረብኛ ላይ «ሰማእ»፣ ዕብራይስጥ ላይ «ሻማይም» የሚባል የጥንት ሴማዊ ቃል ነው። «ሰማያዊ» በመጀመሪያ የሰማይ የሆነውን ሁሉ ሲያመለክት፣ ኋላ የቀለም ስም ሆነ። አየር ከቀዩ ይልቅ ሰማያዊውን ብርሃን አብዝቶ ይበትናል፤ በእኛና በሩቁ ተራራ መካከል ያለው አየርም ይህንኑ ብርሃን ይጨምርበታል። ስለዚህ ከየካ ተራራ ላይ የሚታየው የረር ተራራ፣ ሲቀርቡት አረንጓዴና ቡናማ ሳለ፣ የሰማይን ቀለም ይወርሳል። የርቀት ቀለም ስሙም ምክንያቱም ሰማይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቁጥር መስተካከል አለበት። ፕሮግራሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ምድሩን በባሕር ወለል ይጀምራሉ። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የከተማዋ አየር ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። መሬቱ ዜሮ ላይ ከተተወ ሩቁ ተራራ ከሚገባው በላይ ይደበዝዛል፤ ሥዕሉ የሌላ አገር ይሆናል።

በግእዝ «ጠፈር» የቤት ጣሪያም የሰማይ ጉልላትም ነው። የቀደሙት ፕሮግራሞች ሰማይን በጉልላት ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ተሳለ ሥዕል ይለጥፉት ነበር፤ ካሜራው ተራራ ቢወጣ ደመናው አይቀርብም ነበር። የዛሬዎቹ ምድርን የሚከብብ የአየር ንብርብር ይሠራሉ። እኛም «ከበበ» ከሚለው ግስና ከግሪኩ «አየር» «ከባቢ አየር» አልን። ቋንቋውና ፕሮግራሙ ከጣሪያ ወደ ከባቢ የሄዱበት መንገድ አንድ ነው።

ይህን ጥበብ በአገራችን የሚያስተምር ሰው የውጭ ስሞችን ከማስሸምደድ በእነዚህ ቃላት ቢጀምር ተማሪው ዓይኑን ይዞ ይገባል። የደመና ጥላ፣ የጉም ከፍታ፣ የጭጋግ ውፍረት፣ የአየር ሰማያዊነት፦ አራቱ ማስተካከያዎች በአማርኛ ከተሰየሙ፣ እያንዳንዱ ስም ምን መታየት እንዳለበት አብሮ ያስተምራል።