በዲጂታል የድምፅ መሣሪያዎች የሚሰማ ያልተፈለገ ድምፅ ከምን ይመጣል? እንዴትስ ይወገዳል?

ኮምፒውተር፣ ሚክሰርና ስፒከር አገናኝቶ ለቀረጻ የተሰናዳ ሰው፣ ገና አንድ ቃል ሳይናገር የማያቋርጥ ጉርምርምታ ሊሰማ ይችላል። ብዙዎች መሣሪያው የተበላሸ መስሏቸው ሌላ ለመግዛት ይነሣሉ። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው መሣሪያዎቹ እርስ በርስና ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር በተያያዙበት መንገድ ላይ ነው። የድምፁ ዓይነት ራሱ ምንጩን ይጠቁማል።

ወፍራም ጉርምርምታ

ዝቅ ያለና የማይለዋወጥ ጉርምርምታ በአብዛኛው ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣ ነው። በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ መስመሩ በሰከንድ 50 ዑደት ይሠራል። ሁለት መሣሪያዎች በተለያዩ ሶኬቶች ከመሬት መስመር ጋር ተያይዘው በድምፅ ገመድም ሲገናኙ፣ የመሬት መስመሩ ቀለበት ይሠራል። በዚያ ቀለበት የሚዘዋወረው ጥቂት ኤሌክትሪክ ጉርምርምታ ሆኖ ይሰማል። የመጀመሪያው መፍትሔ ሁሉንም መሣሪያዎች ከአንድ ሶኬት ወይም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው።

ቀጭን ፉጨት

ማውስ ሲንቀሳቀስ ወይም ፋይል ሲከፈት የሚለዋወጥ ፉጨት ከተሰማ፣ ምንጩ ኮምፒውተሩ ነው፤ በዩኤስቢ ገመድ በኩል ወደ ድምፁ ይገባል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሞከር ይገባል። ፉጨቱ ከጠፋ መንገዱ ቻርጀሩ ነው ማለት ነው። መሣሪያዎቹ የሚቀበሉት ከሆነ የኦፕቲካል ገመድ መጠቀም ይረዳል፤ የሚያስተላልፈው ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ ቀለበቱን ያቋርጣል። ወደ ስፒከር ለሚሄደው መስመር ደግሞ ባለሙያዎች ‘ባላንስድ’ የሚሉት ገመድ ይመረጣል።

ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ

ዲጂታል ድምፅ በቁጥር የሚተላለፍ ነው። ስለዚህ እንደ ካሴት ቀስ በቀስ አይደበዝዝም፤ ቁጥሮቹ ሲጎድሉ ይቆራረጣል። አንዱ መሣሪያ በሰከንድ 44,100፣ ሌላው 48,000 ናሙና እንዲወስድ ተስተካክሎ ከሆነ ይህ ችግር ይከሰታል። ሁሉም በአንድ ቁጥር መስተካከል አለባቸው። በዲጂታል ገመድ ከተገናኙት አንዱ ጊዜ ጠባቂ ሆኖ ሌሎቹ እርሱን እንዲከተሉ ማድረግም ያሻል። የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ከ5 ሜትር እንዳይበልጥ ይመከራል።

በየመሀሉ የሚሰማ ድርድርታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከተንቀሳቃሽ ስልክ ይመጣል። የሁለተኛው ትውልድ ስልክ በሰከንድ 217 ጊዜ ገደማ ሞገድ ስለሚረጭ፣ ከገመዶችና ከማይክሮፎን ማራቅ ይበቃል።

ፈጽሞ የማይደረግ

ጉርምርምታን ለማጥፋት አንዳንዶች የስፒናውን የመሬት መስመር ይቆርጣሉ ወይም በፕላስተር ይሸፍናሉ። ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ያ መስመር የተሠራው ለሰው ሕይወት ነው። በመሣሪያው ውስጥ ሽቦ ቢላቀቅ፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረት አካሉና ወደ ማይክሮፎኑ ይደርሳል፤ ማይክሮፎኑን የጨበጠው ሰው ሊሞት ይችላል። ቀለበቱ መቋረጥ ያለበት በድምፅ ገመዱ ላይ በሚገባ ትራንስፎርመር እንጂ በኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ አይደለም።

ፍተሻው በቅደም ተከተል ቢሆን ይመረጣል። ሁሉንም የድምፅ ገመዶች ነቅሎ አንድ በአንድ እየመለሱ ማዳመጥ በቂ ነው። ድምፁ የተመለሰው የትኛው ገመድ ሲሰካ እንደሆነ ከታወቀ፣ መፍትሔውም እዚያው አጠገብ ይገኛል።