ከኤረር በር እስከ ዓለማያ፤ የዕፅዋት ትምህርት በሐረር ምድር

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ባለፈው ሰሞን በሐረር ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ የሥራ ሰዓት እስኪደርስ ቆመን ስንጨዋወት፥ በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡኝ አንድ የመዝገብ ቤት ሹም ጠጋ ብለው ምክር ጠየቁኝ። «ስማኝ ወንድሜ፤ አንተ በሬዲዮ የምትናገር ሰው ነህና ይህን አታጣውም። ልጄ የመልቀቂያ ፈተናውን አልፏል። ሐኪም ይሆንልኛል ብዬ ስጠብቅ፥ የምማረው የዕፅዋት ትምህርት ነው አለኝ። ሣርና ቅጠል ለመቁጠር አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ ምን ይባላል?» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፥ እኔ ራሴ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍሁ ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ታሪኩን መርምሬ እነግርዎታለሁ» ብዬ ተለየኋቸው። የዛሬው ንግግሬ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። በንግግሩ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለው ዘመን የአገራችን አቆጣጠር ሲሆን፥ ሌላው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጠ ነው።

ለመልሱ ከሐረር ግንብ ርቆ መሄድ አያስፈልግም። በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታውያን በሮች አሉት። በማለዳ ከኤረር በር አጠገብ የቆመ ሰው የአገሩ አዝመራ በፊቱ ሲያልፍ ያያል። ወደ ቤቶቹ የገባ እንደ ሆነም፥ የሐረር ሰው ከቡና የሚጠቀመው ፍሬውን ብቻ አለመሆኑን ይረዳል፤ ቅጠሉ ተፈልቶ ቁጢ ይባላል፤ ገለባው ከወተት ጋር ሲፈላ ሆጃ ይሆናል። በግድግዳው ላይ በተርታ የተሰቀለው ባለ ቀለም ስፌት የሣር ሥራ ነው፤ የምትሰፋውም ሴት የትኛው ሣር እንደሚታጠፍና የትኛው እንደሚሰበር፥ መቼም ማጨድ እንደሚገባ ጠንቅቃ ታውቃለች። ይህ ሁሉ እውነተኛ የዕፅዋት ዕውቀት ነው። ጉድለቱ ከእናት ወደ ልጅ በአፍ ብቻ ሲተላለፍ መኖሩ ነው።

በአፍ ብቻ የኖረ ዕውቀት ምን እንደሚደርስበት፥ የሁለቱ ታላላቅ የሐረር ተክሎች ስም ያስረዳናል። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1753 የዓለምን ዕፅዋት በሁለት ሁለት ቃል ሲሰይም፥ ቡናን «ኮፊያ አራቢካ» ብሎ ጻፈው፤ ትርጓሜውም የዐረብ ቡና ማለት ነው። በዚያን ዘመን ቡና ወደ አውሮፓ ይታወቅ የነበረው ከየመን እንደሚመጣ ነበር። የዚህ ቡና የዱር መገኛ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን መሆኑ ዛሬ ተረጋግጧል፤ ስሙ ግን የዐረብ እንደ ሆነ ቀርቷል። የጫትም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። የሊኔዎስ ደቀ መዝሙር ፔተር ፎርስኮል፥ የዴንማርክ ንጉሥ ከላካቸው ተጓዦች ጋር የመንን ሲመረምር በ1763 ገና በ31 ዓመቱ በዚያው በበሽታ ሞተ። ከጓደኞቹ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ጽሑፉን በ1775 አሳተመለት፤ ጫትም በዚህ መጽሐፍ «ካታ» በሚል ስም ወደ ሳይንስ ገባ። ስሙ የተወሰደው ከዐረብኛው «ቃት» ነው።

እንዲሁም ኮሶ በሳይንስ ስሙ የሚያስታውሰው ሐገን የተባለ ጀርመናዊ መድኃኒት ቀማሚ ሲሆን፥ ኑግ የሚያስታውሰው ጊዞ የተባለውን የፈረንሳይ የታሪክ ጸሐፊና ፖለቲከኛ ነው። በዚህ ቂም መያዝ አይገባም። በዕፅዋት ጥናት ሕግ ስም የሚያወጣው አስቀድሞ ያየ ወይም የተከለ ሰው አይደለም፤ አስቀድሞ መርምሮ፥ ጽፎ ያሳተመ ነው። እኛ ለዘመናት ተከልን፤ ሌሎች ጻፉ።

የሐረር ሰዎች ዕውቀታቸው እንዳይጠፋ አላሰቡም ማለት ግን አይደለም። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ያህል ቆይቶ ነበር። በመጽሐፉ እንደ ጻፈው፥ ቡና የሚተክሉት ሰዎች፥ የዛፉ አያያዝ ጥበብ እንዳይጠፋ ተብሎ፥ ወደ ሌላ አገር እንዳይሄዱ ተከልክለው ነበር። ዕውቀቱ ያለው በሰዎቹ ራስ ውስጥ ብቻ በሆነበት ዘመን፥ ዕውቀቱን ለማቆየት ሰዎቹን ከመያዝ በቀር ሌላ መንገድ አልታየም። መጽሐፍና ትምህርት ቤት ሲኖር ግን ሰውየው ቢሄድም፥ ቢሞትም ጥበቡ ይቀራል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ማለት፥ አሚሩ በበር ጠባቂ ሊፈጽመው የፈለገውን ጉዳይ በመዝገብና በትምህርት የሚፈጽም ቤት ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

እንዲህ ያለው ቤት ወደ ሐረር ምድር የመጣው በርተን ከገባ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የዕቅዱ ሥር ያለው በአሜሪካ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1862 የፈረሙት የሞሪል ሕግ፥ ለየግዛቱ መሬት ተሰጥቶ በገቢው እርሻንና የእጅ ጥበብን የሚያስተምሩ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አደረገ። ከእነዚህ ኮሌጆች የአንዱ፥ የኦክላሆማው ኮሌጅ መሪ የነበሩት ሄንሪ ቤኔት፥ በ1950 ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ። ቤኔት የሐሳባቸውን ፍሬ ሳያዩ በ1951 መጨረሻ በቴህራን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ። ዕቅዱ ግን አብሯቸው አልሞተም፤ በጽሑፍ ነበረና። ውሉ በ1944 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ሕንፃው እስኪሠራ ድረስ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በጅማ ትምህርታቸውን ጀመሩ፤ ከዚያም ከሐረር ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፥ በድሬዳዋ መንገድ፥ በዓለማያ ሐይቅ አጠገብ ወደ ተሠራው ኮሌጅ ተዛወሩ። ኮሌጁ በጥር ወር 1950 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተመርቆ ተከፈተ። የኦክላሆማ መምህራንም ዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ ኃላፊነቱን ለኢትዮጵያውያን አስረከቡ። ኮሌጁ በ1977 ዓ.ም. የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተባለ።

በዚያ ዕቅድ ውስጥ በተለይ የሚደነቀው፥ ሦስት ሥራዎች እንዳይለያዩ ተደርገው መታሰራቸው ነው፤ እነርሱም ማስተማር፥ መመራመርና የተገኘውን ለገበሬው ማድረስ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሁለቱ ያነክሳሉ።

በዚሁ ዘመን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በኩል ሌላ ሥራ ተጀመረ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ብሔራዊ ሄርባሪየም ተቋቋመ። ሄርባሪየም ማለት የዕፅዋት መዝገብ ቤት ነው። ተክሉ ከነአበባውና ከነፍሬው ይቆረጣል፤ በጋዜጣ ወረቀት መካከል ተጋድሞ፥ ተጭኖ ይደርቃል፤ በወፍራም ወረቀት ላይ ከተለጠፈ በኋላ የተገኘበት ቦታ፥ ቀኑ፥ የቦታው ከፍታና የሰብሳቢው ስም ተጽፎበት፥ በወገን በወገኑ በሣጥን ይቀመጣል። ቀኑና ቦታው ያልተጻፈበት ቅጠል፥ ቁጥርና ቀን እንደሌለው ደብዳቤ ነው፤ ማንም አይጠቅስበትም። ከዚህ መዝገብ ቤት ተነሥተው ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በ1980 የአገራችንን ዕፅዋት ሁሉ በመጽሐፍ የመግለጽ ሥራ ጀመሩ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው በዚህ ሥራ ስማቸው የታወቀ ነው። «የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ» የተባለው ይህ ሥራ በስምንት ክፍል ስድስት ሺሕ ያህል የዕፅዋት ዓይነት መዝግቦ በ2009 ተፈጸመ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም። ሣርና ቅጠል መቁጠር ማለት እንግዲህ ይህን የመሰለ ሥራ ነው።

ከዓለማያ የወጡትንም ለማስታወስ ያህል አንድ ሰው ልጥቀስ። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ አካባቢ በገጠር የተወለዱ፥ ለትምህርት ሃያ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይጓዙ የነበሩ ናቸው። በ1965 ዓ.ም. ከዓለማያ በዕፅዋት ሳይንስ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ። ከዚያም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ዕድሜያቸውን ለማሽላ ሰጡ፤ ድርቅን የሚችል ዲቃላ ማሽላ ለሱዳን ገበሬ አበረከቱ፤ አቀንጭራ የተባለውን ሥር መጣጭ አረም የሚቋቋም ዘርም አወጡ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። ሙይራና ፈንዲሻ የመሳሰሉትን የማሽላ ዘሮች በስም ለይቶ ለሚያውቀው ለሐረርጌ ገበሬ፥ ማሽላ የዲግሪ ትምህርት መሆኑ ሊያስደንቀው አይገባም። ገበሬው መርጦ ያቆየው ዘር ባይኖር ኖሮ ሊቁ የሚያዳቅለው ዘር ባላገኘም ነበር።

ይሁን እንጂ ታሪክ የሚያስመሰግነውን ብቻ አይነግርም። ኮሌጁ የተሠራበት ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ኖሮ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ደረቀ። ዛፉ ካለቀበት ተዳፋት አፈር እየታጠበ ሐይቁን ሞላው፤ በዙሪያው ጫትና አትክልት ለማጠጣት በሞተር ውሃ ተሳበ፤ የከተሞቹም ፍላጎት በየዓመቱ ጨመረ። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሶ መታየቱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ትምህርቱ ግን ሊረሳ አይገባም። የዕፅዋትና የአፈር ሊቃውንት በሚኖሩበት ደጃፍ ሐይቅ ከደረቀ፥ ከሦስቱ ሥራዎች ሦስተኛው፥ ማለትም ዕውቀቱን ከግቢ አውጥቶ ለሰው የማድረሱ ሥራ፥ ገና ብዙ ይቀረዋል ማለት ነው። ገበሬው ጫት የሚተክለው የውሃውን ነገር ስላላወቀ አይደለም፤ ከማሽላው ይልቅ ጫቱ ቤተ ሰቡን ስለሚያኖርለት ነው። ስለዚህ የነገው የዕፅዋት ምሁር ተክሉን ብቻ ሳይሆን፥ የተክሉን ባለቤት ኑሮ ጭምር ማወቅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን አንድ ወጣት ዲግሪውን እንዴት ያቅድ? ባጭሩ ልናገር።

በመጀመሪያ ሁለት በሮች መኖራቸውን ይወቅ። የተክልን ማንነት፥ ወገንና አኗኗር ለመመርመር የሚሻ በሥነ ሕይወት ትምህርት በኩል ይገባል፤ ሰብልን ለማሻሻል የሚሻ በሐረማያ እንደሚሰጠው ባለ የዕፅዋት ሳይንስ በኩል ይገባል። ሁለቱ መንገዶች ኋላ ይገናኛሉ፤ መነሻቸው ግን ልዩ ልዩ ነው።

ሁለተኛ፥ ዕፅዋትን መርጫለሁ ብሎ ከኬሚስትሪና ከሒሳብ የሚሸሽ ራሱን ያታልላል። ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራው በኬሚስትሪ ሕግ ነው፤ የዘር ውርስም ያለ ሒሳብ አይታወቅም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እነዚህን መሠረቶች ያጠናክር፤ የተክል አካል አሠራር፥ አመዳደብ፥ ውርስና ከአካባቢው ጋር ያለው ግንኙነት ከዚያ በኋላ ይቀልሉታል።

ሦስተኛ፥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ይያዝ። በሐረር ገበያ አንዱን ተክል አማራው ጫት፥ ኦሮሞው ጂማ፥ ሶማሌው ጃድ ይለዋል። የሳይንሱ ስም የሚያስፈልገው እነዚህን ለማጥፋት ሳይሆን አንድ ላይ ለማሰር ነው። ከእናቱ፥ ከጎረቤቱና ከገበሬው የሰማውን ስምና ጥቅም ከነቦታውና ከነቀኑ የሚጽፍ ተማሪ፥ ገና ሳይመረቅ የአገር ቅርስ ማዳን ጀምሯል።

አራተኛ፥ የመጨረሻው ዓመት የጥናት ርእስ ሲመጣ ሩቅ አይመልከት። የስፌቱ ሣር ከየት ይመጣል? ዛሬስ ይበቃል? ከኤረር ሸለቆ የቡና ዛፍ የትኛው ድርቁን ቻለ? እነዚህን የመሰሉ ጥያቄዎች በየበሩ ቆመው መልስ ይጠብቃሉ።

አድማጮቼ፤ ይህን ጽሑፍ ለንግግር ከማቅረቤ በፊት ለእኒያ የመዝገብ ቤት ሹም አነበብሁላቸው። ስለ ሊኔዎስና ስለ ፎርስኮል ሲሰሙ ዝም ብለው ነበር። ስለ ሄርባሪየሙ ሳነብ ግን መነጽራቸውን አወለቁና «ቆይ እስቲ፤ ቀንና ቦታ ያልተጻፈበት አይቀበሉም አልህ?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎን ጋሼ፥ አይቀበሉም» አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያውስ ልጁ የእኔኑ ሥራ ነው የመረጠው» ብለው ሣቁ።