ጠግቦ የሚከሳ ልጅ

ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደውን መንገድ የያዘ ሰው ብዙም ሳይርቅ ተበላ ይደርሳል። የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ መንገደኛ ስሟን ሲሰማ «ምኑ ተበላ?» ብሎ መቀለዱ አይቀርም። ስሟ የአማርኛ ግስ አይደለም፤ ቀልዱ ግን ሳያስበው አንድ ቁም ነገር ይነካል። የረሃብ ታሪካችንን ስናወራ ሁልጊዜ የምንጠይቀው «ተበላ ወይስ አልተበላም?» የሚለውን ነው። «በተበላው ውስጥ ምን ነበረበት?» የሚለው ጥያቄ ወደ አገራችን በሥርዓት የገባው ግን ከስድሳ ዓመት ወዲህ ነው። ውድ ወጣቶች፣ እዚህ የማጫውታችሁ የዚያን ጥያቄ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ።

ወላይታን ለሚያውቅ ሰው እንቆቅልሹ አዲስ አይደለም። በጓሮው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቦይና፣ ከደጅ ወዲያ በቆሎና ስኳር ድንች፤ ዓይን ያየው ሁሉ ለምለም ነው። እቤት ውስጥ ግን እግሩ ያበጠ፣ ፀጉሩ ሳስቶ የቀላ፣ መጫወት የተወ ልጅ ተቀምጧል። የእርዳታ ሠራተኞች ለዚህ «አረንጓዴ ረሃብ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ከምክንያቶቹ ብዙዎቹ ከምግብ ሳይንስ ውጭ ናቸው፦ የመሬት ጥበት፣ የዝናብ መዛባት፣ በማሳ ላይ ያለው ሰብል ሳይደርስ የቤቱ እህል ማለቁ። አንዱ ምክንያት ግን ሆዱ ሞልቶ በዋለበት ቀንም ልጁን አይለቀውም። ቆጮው፣ ነጩ ስኳር ድንች፣ ካሳቫው ጉልበት ይሰጣሉ፤ ፕሮቲናቸው ግን እጅግ ጥቂት ነው፣ ቫይታሚን ኤም እንዲሁ።

ቆጮን ማቃለሌ እንዳይመስላችሁ። እንሰት ድርቅ ችሎ ስንቱን ትውልድ አሻግሯል። ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ እንዲብላላ፣ ሳይበላሽም ለወራት እንዲቆይ ማድረግ ላቦራቶሪ ያላዩ እናቶች የሠሩት የምግብ ሳይንስ ነው። ችግሩ የመጣው ዱሮ ከቆጮው አጠገብ ይቀርብ የነበረው ወተት፣ ቅቤና ባቄላ መሬቱ ሲጠብና ከብቱ ሲያንስ ከገበታው እየራቀ በመሄዱ ነው።

የዚያን ያበጠ ልጅ በሽታ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቀችው ሲስሊ ዊሊያምስ የተባለች ሐኪም ናት። በ1930ዎቹ የዛሬዋ ጋና በነበረችው ጎልድ ኮስት ትሠራ ነበር። ለበሽታው አዲስ የላቲን ስም አላወጣችም፤ እናቶቹ በጋ ቋንቋ የሚጠሩበትን ወሰደች፦ ክዋሺዮርኮር። ታናሹ ሲወለድ ከጡት የሚነሣ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። እናቶቹ ምክንያቱን ከሐኪሞቹ ቀድመው በስሙ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ከጡት የወረደው ልጅ ወደ በቆሎ ገንፎ ነው የሚሄደው፤ በገንፎው ውስጥ ደግሞ ሰውነቱ የሚገነባበት ነገር ይጎድላል። ዛሬ ሳይንቲስቶች የፕሮቲን እጥረት ብቻውን በሽታውን ያመጣል አይሉም። ለረጅም ዘመን ግን ምርምሩ ሁሉ የሄደው በዚያ መንገድ ነው፣ ብዙ ሕፃናትንም አተረፈ።

ሕፃን ልጅ ወፈር ብሎ ሲያምርበት «ፋፋ» እንላለን። በ1962 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአዲስ አበባ የሕፃናት ምግብ ጥናት ክፍል ተቋቋመ፤ ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው እርሱ ነው። ከሥራዎቹ አንዱ ጡት ለሚጥሉ ሕፃናት የሚሆን ርካሽ ዱቄት ማዘጋጀት ነበር። የዱቄቱ ስም ፋፋ ተባለ። ከዚህ የተሻለ የንግድ ስም በአማርኛ ወጥቶ ያውቃል ብዬ አላምንም።

በውስጡ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ቫይታሚንና ማዕድን አለበት። እነዚህ የተመረጡት በዘፈቀደ አይደለም። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጡቦች ይሠራል፤ አንዱ ጡብ ካነሰ ግንቡ እዚያው ላይ ይቆማል። እህል ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶት ሜታዮኒን ያንሰዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። እናቶቻችን ንፍሮውን ከስንዴና ከሽምብራ ሲቀላቅሉ፣ እንጀራውን በሽሮ ሲያቀርቡ ይህንኑ ነው የሚያደርጉት። ጥራጥሬ በልተው ፊታቸው ያማረውን የዳንኤልን ጓደኞች ስታነብቡም ይህን ማስታወስ አያስቀይምም።

ታዲያ ፋፋ የወላይታን ልጅ አዳነው? በከፊል ብቻ። ዱቄቱ ጥሩ ነበር፤ ግን በገንዘብ የሚገዛ ነበር። ከሱቅ የገዛው በአብዛኛው ደመወዝ ያለው የከተማ ቤተሰብ ነው። ወደ ገጠር የደረሰው እንዲህ ያለ ዱቄት ረሃብ ሲመጣ በእርዳታ መኪና ነው፤ ለዚህም ነው ዛሬ ድረስ በብዙ ገጠር የእርዳታ ዱቄት ሁሉ፣ የትም ይሠራ የት፣ «ፋፋ» የሚባለው። በደጉ ዘመን በሱቅ የሌለ፣ በክፉው ዘመን በጆንያ የሚመጣ ምግብ ልማድ አይሆንም።

የጨው ታሪክ አጭር ነው፣ ከፋፋ ጋር ሲነጻጸር ግን ያስተምራል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት በከንቱ አልተፈጠረም፤ እንቅርት በደጋችን የተለመደ ነበር። የዘመናት ዝናብ አዮዲንን ከአፈሩ አጥቦ ስለሚወስደው እህሉም ይጎድለዋል። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚያስፈልገው አዮዲን ቢሰበሰብ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም፤ እርግዝና ላይ ያችን ታህል ከጎደለች ግን የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል። ስዊዘርላንድና አሜሪካ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ጨዋቸው ላይ ጨመሩት። እኛ ጋ ጨው በብዛት ይመጣ የነበረው ከቀይ ባሕር ዳር ነበር። በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ መንገዱ ተዘጋ፤ ፊታችንን ወደ አፋሩ አፍዴራ አዞርን፤ አዮዲኑ ግን አብሮን አልመጣም። በ2011 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በመቶ ከ15 ቤቶች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ያለ አዮዲን ለምግብ የሚሆን ጨው እንዳይሸጥ ደንብ ወጣ፤ በ2016 ጥናት ቁጥሩ 89 ደረሰ። የአዮዲኑ መጠን ከጨው ጨው ይለያይ እንጂ ለውጡ ትልቅ ነው።

ፋፋ ያልቻለውን ጨው ለምን ቻለ? ጨውን ማንም በጓሮው አያመርትም፤ ሀብታሙም ድሃውም ከገበያ ይገዛል። ምንጩ ጥቂት ነው፣ ሕጉ እዚያ ከደረሰ ሁሉም ወጥ ቤት ደረሰ ማለት ነው። ከ2022 ወዲህ የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በቫይታሚንና በማዕድን እንዲበለጽጉ ግዴታ ሆኗል፤ መልካም ነው፣ ነገር ግን በቆሎውን ራሱ አምርቶ ሰፈሩ ወፍጮ የሚያስፈጭ ገበሬ ጋ የፋብሪካ ሕግ አይደርስም። (ካሳቫ ለምትበሉ አንድ ማሳሰቢያ፦ በደንብ ካልተላጠ፣ ካልተዘፈዘፈና ካልደረቀ የሚቀርበት መርዝ ሰውነት አዮዲንን እንዳይጠቀም ያግዳል። ጨዋችሁንም ከድናችሁ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩ።)

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በጣም ለተጎዳ ሕፃን የተዘጋጀ ኤፍ-100 የሚባል የወተት ዱቄት ነበር፤ ከወተት፣ ከዘይትና ከስኳር ተመጥኖ የተሠራ፣ ቫይታሚንና ማዕድን የተጨመረበት። ይዘቱ እንከን አልነበረውም። እንከኑ ውኃው ነው። ዱቄቱ በውኃ ይበጠበጣል፤ የገጠር ውኃ ንጹሕ ካልሆነ በዚያ ጣፋጭ ወተት ውስጥ ተሕዋስያን በሰዓታት ይራባሉ። ስለዚህ ልጁ የሚታከመው በመጠለያ፣ በባለሙያ እጅ ብቻ ነበር። እናቲቱ ለሳምንታት ከልጇ ጋር ትቀመጣለች። እቤት የቀሩትን ሌሎቹን ልጆች ማን ያብላቸው? ማሳውን ማን ይዝራው? በመጠለያው ደግሞ የደከሙ ሕፃናት ጎን ለጎን ተኝተው ኩፍኝና ተቅማጥ ይቀባበላሉ። ብዙ እናቶች ይህን አስበው ቀሩ፤ ልጆቻቸውም በየቤቱ፣ ማንም ሳይቆጥራቸው ሞቱ።

በ1996 አንድሬ ብሪየን የተባለ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪምና ሚሼል ሌስካን የተባለ የምግብ አምራች አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። ከወተቱ ዱቄት ከፊሉን አውጥተው በለውዝ ቅቤ ተኩት። ሊጡ ውኃ የለውም። ስኳሩንና ፕሮቲኑን ዘይት ስለሸፈነው ተሕዋስ የሚራባበት እርጥበት አያገኝም። አይበሰልም፣ አይበጠበጥም፤ ከከረጢቱ ተጨምቆ ይላሳል። አንዱ ከረጢት 92 ግራም ሲሆን 500 ካሎሪ ይሰጣል። ሁላችሁም የምታውቁት ፕላምፒ ናት ይህ ነው።

ይህ ግኝት ዓለምን የቀየረበት አንዱ ቦታ እዚሁ አጠገባችን ነው። ከወላይታ ጋር በሚዋሰነው በሀዲያው ባደዋቾ፣ ከመስከረም 2000 እስከ ጥር 2001 ድረስ፣ ኮንሰርን ወርልድዋይድ የተባለው ድርጅት 170 ያህል በጣም የተጎዱ ሕፃናትን መጠለያ ሳያስገባ ሊጡን እየሰጠ በየቤታቸው እንዲታከሙ አደረገ። እናቶች ለክትትል ይመጣሉ፣ ልጁ ይመዘናል፣ የሳምንቱን ይዘው ይመለሳሉ። ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር ውጤቱን በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡት፦ ከመቶ 85ቱ አገግመዋል፣ የሞቱት ከመቶ 4 ናቸው። ብዙ ሐኪሞች እናት እቤቷ ይህን ታደርጋለች ብለው አያምኑም ነበር። የባደዋቾ እናቶች አደረጉት። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር በጋራ መግለጫ ዘዴውን ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ሂሊና የተባለው ፋብሪካ ሊጡን አገር ውስጥ ማምረት ጀመረ፤ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ሕክምናው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እጅ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተዳረሰ።

በዚያ ዘመንና ከዚያ ወዲህ የተወለዳችሁ እናታችሁን ወይም ታላቅ እኅታችሁን ጠይቁ። የክንዳችሁ ዙሪያ በባለ ቀለሙ ጥብጣብ ተለክቶ ከቀዩ ላይ የነበራችሁ አትጠፉም። አንዳንድ ከረጢት ገበያ ላይ ሲሸጥ አይታችሁ ይሆናል። ፍርዱን አታፍጥኑ፤ አምስት ልጅ ያላት እናት ለአንዱ የተሰጠውን ለአምስቱ ብታካፍል፣ ወይም ሸጣ በቆሎ ብትገዛበት፣ ሊጡ መድኃኒት ሆኖ እያለ ቤቱ ምግብ እንደሌለው እየነገረችን ነው።

እዚያ ቤት የሚደርሰው ከጓሮ የሚበቅለው ነው። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል መጀመሪያ የሚመጣው ዳፍንት ነው፤ ልጁ ሲመሽ እየተደናቀፈ ይሄዳል፤ ሲብስ ዓይኑ ይጠፋል፣ ኩፍኝም ይገድለዋል። ሰውነታችን ቫይታሚኑን የሚሠራው ካሮትን ብርቱካናማ ከሚያደርገው ቀለም ነው። ነጩ ስኳር ድንች ያ ቀለም የለውም፤ ብርቱካናማው አለው። በ2005 በአገራችን «ኩልፎ» እና «ቱላ» የተባሉ ብርቱካናማ ዝርያዎች ተለቀቁ። ኩልፎ አርባ ምንጭን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው የወንዝ ስም ነው፤ ቱላም ከሐዋሳ አጠገብ ያለች ከተማ። በሞዛምቢክ የተደረገ ጥናት የሚበሉት ሕፃናት የቫይታሚን ኤ መጠን መጨመሩን ስላሳየ፣ በዚህ ሥራ የደከሙት ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ምዋንጋና ጃን ሎው ከሃዋርዝ ቡዊስ ጋር የ2016ን የዓለም የምግብ ሽልማት ወስደዋል። አንድ መካከለኛ ሥር ለትንሽ ልጅ ለቀኑ ይበቃዋል። ከቅቤ ጋር ይሁን እንጂ፤ ቀለሙ በስብ ካልሆነ ወደ ደም አይገባም። ለወላይታ ሰው «ቅቤ ጨምርበት» ማለት የሚከብድ ምክር አይደለም፣ ቅቤው ካለ።

ሽማግሌዎች ግን ይስቁበታል። ነጩ ሲቀቀል ደረቅ ብሎ ጉሮሮ ይሞላል፤ ብርቱካናማው ውኃ ይበዛበታል፣ «የልጅ ምግብ ነው» ይሉታል። ልጆቹ ደግሞ ስለ ጣፋጩ ይሻሙበታል። የሚከብደው ጣዕሙ አይደለም፣ ሐረጉ ነው። ስኳር ድንች በዘር አይዘራም፤ ከሐረጉ ተቆርጦ ይተከላል። እንደ ሁምቦ ባለ ቆላ በጋው ሲረዝም ሐረጉ ይደርቃል፤ ዝናቡ ሲመጣ መሬቱ አለ፣ ጉልበቱ አለ፣ የሚተከል የለም። ገበሬው በዚያ ሰዓት ከጎረቤት ያገኘውን ይተክላል፣ ያም አብዛኛውን ጊዜ ነጩ ነው።

ለዚህ የተገኘው ዘዴ ማሽን አይፈልግም። ምርት ሲሰበሰብ ያልቆሰሉ ትናንሽ ሥሮች ተመርጠው በሳፋ ወይም በጉድጓድ ውስጥ በደረቅ አሸዋ ተሸፍነው በቤት ጥግ ይቀመጣሉ። በየጊዜው እየታዩ የበሰበሰው ይወጣል። ዝናቡ ሊመጣ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ሲቀረው ሥሮቹ ወጥተው ከቤቱ አጠገብ፣ ፍየል በማይደርስበት ቦታ ተተክለው የእቃ እጣቢ ውኃ እየጠጡ ያቆጠቁጣሉ። ሰማዩ ሲያጉረመርም ሐረጉ ለመቆረጥ ደርሷል።